ገንዘብ ቢያንስ ልምምድ አይቅር

እጅ ያልለመደው ሥራ በጭንቅ ሰዓት አይሳካም። ስለዚህ አዋላጅነትን የሚማር ደቀ መዝሙር ስሕተቱን በአሻንጉሊት ላይ ሊጨርስ ይገባዋል እንጂ ወደ ወላድ እናት ይዞት ሊሄድ አይገባም። ውድ መሣሪያ የለም ማለትም ምክንያት አይሆንም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1759 ዓ.ም. የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ አዋላጂቱን ማዳም ዱ ኩድሬን በየአውራጃው እየዞረች እንድታስተምር ባዘዛት ጊዜ፥ መሣሪያዋ ከጨርቅና ከቆዳ የተሰፋ የእናትና የሕፃን ምስል ነበረ፤ በዚሁም ብዙ ሺህ ሴቶች ተማሩ። ዛሬም መምህሩ በወገቡ የሚታጠቀው ቀላል አሻንጉሊት፥ እናቶችን አብዝቶ የሚገድለውን ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ማቆምን ያስተምራል። እንግዲህ የትምህርት ቤት ሹማምንት ጥቂቱን ገንዘብ ለሚያብለጨልጭ ዕቃ ከማዋል ይልቅ፥ ልምምዱን ለሚደጋግምና ስሕተቱን በትዕግሥት ለሚያስረዳ መምህር ሊያውሉት ይገባል። አሻንጉሊት ቢቀደድ ተሰፍቶ ይታደሳል፤ የእናት ሕይወት ግን አንድ ጊዜ ካለፈ አይመለስም።