ጕድለትን መግለጽና የደንበኛ እምነት

መኪና ለሚሠራ ኩባንያ ዋነኛው ሀብት ፋብሪካው ብቻ አይደለም፤ ገዢው የሚጥልበት እምነት ነው እንጂ። ይህም እምነት የሚፈተነው በሽያጭ ቀን ሳይሆን ጕድለት በተገኘ ጊዜ ነው።

የአሜሪካው የጄኔራል ሞተርስ ታሪክ ለዚህ ምስክር ይሆናል። በአንዳንድ መኪናዎቹ የተገጠመው የሞተር ማስነሻ ቍልፍ የላላ ስለ ነበረ፥ በጕዞ ላይ ሳለ ከስፍራው እየተንሸራተተ ሞተሩን ያጠፋ ነበር። ያን ጊዜ መሪውና ፍሬኑ ይከብዳሉ፤ በግጭት ሰውን የሚያድነውም ኤርባግ ሳይከፈት ይቀራል።

የኩባንያው መሐንዲሶች ነገሩን ያወቁት ከብዙ ዓመት በፊት ነበር። ዕቃው በኋላ ሲሻሻል እንኳ መለያ ቍጥሩ ስላልተለወጠ፥ ምርመራው ተሰናከለ። 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች ለጥገና የተጠሩት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2014 ነው። ለካሣ የተመደበው ገንዘብ አስተዳዳሪዎች የ124 ሰዎችን ሞት ከዚሁ ጕድለት ጋራ የተያያዘ መሆኑን ተቀበሉ። ኩባንያውም በ2015 ለመንግሥት 900 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ኩባንያዎች ጕድለትን መግለጽ ገዢን ያሸሻል ብለው ይፈራሉ። ነገር ግን ጥገናው ያለ ዋጋ ቢሆንም፥ መኪናውን ወደ ጋራዥ የሚያመጣው ባለቤቱ ነው። ባለቤቱም ጥሪውን የሚሰማው ጠሪውን ሲያምን ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ የደበቀ ኩባንያ ያጣው ገንዘብን ብቻ ሳይሆን፥ ነገ ሕይወት የሚያድንበትን ቃል ጭምር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።