«የማን ተማሪ ነህ?» አማካሪ ያጣው ድኅረ ምረቃችን

ከአንድ ጡረተኛ መሐንዲስ (ኦስሎ፣ ኖርዌይ)

የአገራችን የትምህርት ውድቀት በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ ፈተና ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና መጣ፤ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም ተከተለ። ፈተናን አልቃወምም። ግን የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪን ምሁር የሚያደርገው አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያርመው ሰው፣ ማለትም አማካሪው ነው። በአገራችን የጠፋው ይህ ሰው ነው። የጠፋውም በድንገት አይደለም፤ አጥፍተውት ነው።

የአማካሪን ነገር ለመረዳት ፈረንጅ አገር መምጣት አያስፈልግም። በዋሸራም በጎንጅም በዋድላም የቅኔ ተማሪ ለብቻው ተቀምጦ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል። የኔታ ይሰማሉ፣ ያርማሉ፤ ካልበቃም መልሰው ይልኩታል። ተማሪው ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ሲሻገር የሚጠየቀው «የማን ተማሪ ነህ?» ተብሎ ነው። ወረቀት የሚጠይቀው የለም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የማስተርስ፣ ቆይቶም የዶክትሬት ትምህርት ሲጀምር ይህ ሐረግ በዘመናዊ መልኩ ሊተከል ነበር። ደርግ ስንቱን ምሁር እንደፈጀ አንረሳም። ሆኖም የተረፉት መምህራን ተተኪ ማፍራት ጀምረው ነበር። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. ግን ሰላማዊ ሰልፍ በወጡ ተማሪዎች ላይ ጥይት ተተኮሰ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ከ40 የሚበልጡ መምህራን በደብዳቤ ተባረሩ፤ የቀዶ ሕክምናው ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስም ከመካከላቸው ነበሩ። እሳቸው ከዚያ በኋላ በእስር ማቅቀው ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በአሜሪካ አረፉ።

ወያኔ ያን ቀን የቆረጠው የ40 ሰዎችን ደመወዝ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። እያንዳንዳቸው ዕድሜ ልካቸውን ሊያሠለጥኗቸው ይችሉ የነበሩትን፣ እነዚያም በተራቸው ሊያሠለጥኗቸው የሚችሉትን ቁጠሩ። እኔ የብረትና የኮንክሪት ሰው ነኝ፤ ከሥር ያለው ምሰሶ ሲነቀል ሦስተኛው ፎቅ ላይ የሚሆነውን አውቃለሁ።

ምሰሶውን ነቅለው ሲያበቁ ፎቅ መደርደር ያዙ። በ1983 ዓ.ም. ከአስመራው ሌላ የነበሩን ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አዲስ አበባና አለማያ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ትምህርት መስፋፋቱን የሚጠላ ኢትዮጵያዊ የለም። ግን ማን ያስተምር? ማን ያማክር? ትናንት ማስተርስ የያዘ ወጣት ዛሬ የማስተርስ አማካሪ ተደረገ። መምህሩን «አንድ ለአምስት» ጠርንፈው የካድሬ ግምገማ ሲያስቀምጡት ዋሉ። የብልጽግና ዘመን ሲመጣ ደግሞ የኑሮ ውድነቱ ተጨመረበት። መምህራኑ በኅዳር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ጠግበው አይደለም። የቤት ኪራይ ለመክፈል ሦስት ቦታ የሚሮጥ ሰው የተማሪ ጽሑፍ መቼ ያንብብ?

አንድ አገር ቤት ያለ ወጣት ከሁለት ዓመት በፊት የማስተርስ ጽሑፉን ልኮልኝ ነበር። የጭነት ስሌቱ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ተበላሽቷል። አማካሪው ግን ፈርሞበታል። ልጁን ስጠይቀው አማካሪውን ያገኘው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ ኮሪደር ላይ። በዚያ ዓመት ሃያ የሚጠጉ ተማሪዎች ተመድበውለት ነበር። ልጁን አልወቅስም፤ ስሌቱን ራሱ ሠርቶታልና። በየዩኒቨርሲቲው ደጃፍ የመመረቂያ ጽሑፍ በገንዘብ የሚጽፉ ሞልተው የለም ወይ?

እዚህ ኖርዌይ አማካሪን «ቫይሌደር» ይሉታል፤ መንገድ መሪ እንደማለት ነው። የዶክትሬት ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ ያለው ተቀጣሪ ነው። ጽሑፉን የሚመዝነው ኮሚቴ ውስጥ አማካሪው አይገባም፤ ቢያንስ አንዱ መዛኝ ከሌላ ተቋም ይመጣል። መከላከያው በሕዝብ ፊት ነው፤ ከታዳሚው መካከል መሟገት የሚፈልግም ዕድል ይሰጠዋል። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ «ሀብታም ስለሆኑ ነው» ይላል። ደመወዙ አዎ፣ የሀብት ነገር ነው። አማካሪ የራሱን ተማሪ አይመዝንም ማለት ግን ስንት ብር ያስወጣል?

ኖርዌይን ላወድስ አልተነሳሁም። ለታዳጊ አገሮች ተማሪዎች የነበረውን የኮታ ፕሮግራም ዘግታለች፤ የመጨረሻዎቹን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ያ ፕሮግራም ተማሪው ወደ አገሩ ከተመለሰ ብድሩን ይሰርዝለት ነበር። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ተማሪ እንዲከፍል ተደርጓል። ከእንግዲህ የውጭ ስኮላርሺፕ ያድነናል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በየፈረንጅ አገሩ ዶክተር ተብለን የተቀመጥን ብዙ ነን። በየዓመቱ ሆቴል ተከራይተን ስለ «አገር ግንባታ» ጥናት እናቀርባለን፣ ክትፎ በልተን እንበተናለን። ያንን ገንዘብና ጊዜ ለተማሪዎቹ ብናደርገውስ? እያንዳንዳችን አንድ ተማሪ ይዘን በኢንተርኔት ምዕራፍ በምዕራፍ ብናርም፣ የውጭ መዛኝ ሆነን ብንቀመጥ? «ለዚህ አገዛዝ አላገለግልም» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ፤ እረዳዋለሁ። ግን ተማሪው አገዛዙ አይደለም።

አገዛዙም ግዴታ አለበት። በ2015 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነት አዋጅ አውጥቷል። ራስ ገዝነቱ እውነት ከሆነ አንድ መምህር ስንት ተማሪ ሊይዝ እንደሚችል ጣሪያ ይበጅለት፤ ያማከረበት ሰዓት እንደ ሥራ ይቆጠርለት ይከፈለውም፤ «አይ» በማለቱም ማንም ካድሬ ቢሮው አይጠራው።

እኔ በበኩሌ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን አለኝ። የምችለው ስትራክቸር ነው። ክፍያ አልፈልግም። የምጠይቀው ያልበቃ ጽሑፍ ሲመጣ «አልበቃም» ብዬ የምፈርመው ፊርማ እንዳይሰረዝ ብቻ ነው።