ቀላል የተባለው አደን

ወደ አሜሪካዋ ዋዮሚንግ ግዛት ሄዶ ያለ መሪ፣ በራሱ ስንቅና ዝግጅት፣ በሕዝብ መሬት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ማደን ለሚያስብ ሰው የሚሰጠው ምክር ሁሉ ከአንድ አፍ የወጣ ይመስላል። ፕሮንግሆርን የሚባለው ሚዳቋ መሰል የሜዳ እንስሳ ለጀማሪ ቀላል ነው፣ እንስሳው ሞልቷል፣ ሜዳው ገላጣ ነው፣ ጥሩ ጠመንጃና ርቀት መለኪያ የያዘ ሰው ከሩቅ መትቶ ይጥለዋል ይባላል። ከኮሎራዶዋ ዴንቨር ተነሥቶ ዋዮሚንግ ውስጥ ያለችው ሻየን ለመድረስ ሁለት ሰዓት ስለማይፈጅ፣ ምክሩ ኮሎራዶ በሚኖሩ ወገኖቻችንም ጆሮ መግባቱ አይቀርም። እኔ ግን ጎጂ ምክር ነው እላለሁ። ጀማሪውን ገና ዕቃ ሲገዛ ጀምሮ ወደ ሩቅ ተኩስ ይገፋዋል፤ ሩቅ ተኩስ ደግሞ በዚህ እንስሳና በዚህ መሬት ላይ ቆስሎ የሚጠፋ እንስሳ ያበዛል። ዕቅዱ መጀመር ያለበት ምን ያህል መጠጋት እችላለሁ ከሚለው ጥያቄ ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። የፕሮንግሆርን ልብና ሳንባ የሚገኝበት፣ ጥይት ሲያርፍበት ቶሎ የሚገድለው ቦታ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ፣ ለዋዮሚንግ ሜዳ ቀላል የሚባለው፣ የተለመደውን የአደን ጥይት በ400 ሜትር ርቀት 25 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ወደ ጎን ይገፋዋል። በ200 ሜትር ግን ግፊቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች ነው። ስለዚህ ነፋሱን በትክክል ያልገመተ ሰው ቅርብ ሲሆን ሳንባውን ይመታል፣ ሩቅ ሲሆን ሆዱን ወይም እግሩን። በዚያ ላይ ጥይቱ 400 ሜትር ለመድረስ ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ይወስዳል፤ ሲግጥ የነበረ እንስሳ በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ እርምጃ ቢራመድ ኢላማው ቦታውን ለቀቀ ማለት ነው። ዘመኑ ያመጣው ርቀት መለኪያና ስሌት ሠሪ መነጽር ይህን ይፈታል የሚሉ አሉ። መሣሪያው ርቀቱን በትክክል ይናገራል፣ የጥይቱንም መውረድ ያሰላል። በተኳሹና በእንስሳው መካከል ባለው ሰርጥ ውስጥ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚዞር ግን አይነግረውም፤ እንስሳው ይራመድ አይራመድም አያውቅም። እነዚህን ለመገመት የዓመታት ልምድ ያስፈልጋል፤ ጀማሪ ደግሞ የሌለው እሱ ነው።

መሬቱም ቢሆን ስህተትን ይቅር የሚል አይደለም። በደቡብ ዋዮሚንግ፣ የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ፣ መሬቱ እንደ ዳማ ገበታ ተከፋፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው የባቡር ሕግ ለኩባንያዎች አንዱን ካሬ ሰጥቶ ቀጣዩን ለመንግሥት ሲያስቀር የተፈጠረ ነው፤ እያንዳንዱ ካሬ በጎኑ 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፕሮንግሆርን በሙሉ ኃይሉ ሲሮጥ በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ያለቦታው የተመታ እንስሳ ከሕዝብ መሬት ወጥቶ የግል መሬት ውስጥ ለመግባት ብዙ ደቂቃ አያስፈልገውም፤ አዳኙ ደግሞ ያለባለቤቱ ፈቃድ ተከትሎ መግባት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2025 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አዳኞች የግሉን መሬት ሳይረግጡ በካሬዎቹ ማዕዘን ከሕዝብ መሬት ወደ ሕዝብ መሬት መሻገር እንደሚችሉ መወሰኑ ትልቅ ድል ነው፣ በደስታ የምቀበለውም ነው። የቆሰለን እንስሳ ፍለጋ የሰው መሬት መግባትን ግን አልፈቀደም።

ከሁሉም የሚበረታው ተቃውሞ ከውጤት የሚነሣው ነው። በዋዮሚንግ የፕሮንግሆርን ፈቃድ ይዘው ከወጡ አዳኞች አብዛኞቹ ግዳይ ጥለው ይመለሳሉ፤ ታዲያ ቀላል ካልሆነ ይህ ከየት መጣ ይባላል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ የሚቆጥረው ግን መኪና ላይ የተጫነውን ብቻ ነው። ሦስት እንስሳ አቁስሎ አራተኛውን የጣለ ሰው በዚህ መለኪያ ያው የተሳካለት አዳኝ ነው። የቆሰሉት ሦስቱ ጉዳይ የሚያሳስበን ደግሞ መንጋው ማለቂያ የሌለው ስላልሆነ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በመላው አሜሪካ የቀረው ከ20 ሺህ እንደማይበልጥ ይገመት ነበር፤ ያንሠራራው በአደን ክልከላና ቁጥጥር፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣ ሕግ ከጠመንጃና ከጥይት ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ በተመደበ ገንዘብ ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 መካከል የነበረው ከባድ ክረምትና አብሮት የተነሣው የሳንባ በሽታ በምዕራብ ዋዮሚንግ መንጋ ላይ ያደረሰው እልቂት ግዛቱን የፈቃድ ቁጥር እንዲቀንስ አስገድዶታል።

ጀማሪ እንዴት አድርጎ ይጠጋል ለሚሉ ደግሞ መልሱ እንስሳው ራሱ ጋ ነው። ሜዳው ከመኪና መስኮት ሲታይ ጠፍጣፋ ይመስላል እንጂ ሰው አድብቶ የሚሄድበት ሰርጥና ጉብታ ሞልቶታል። ፕሮንግሆርን አጥርን ከመዝለል ይልቅ ከሥሩ ሾልኮ ማለፍ ይመርጣል፤ ስለዚህ መሹለኪያዎቹ ዱካ ይይዛሉ። በደረቅ መስከረም ውኃ ወዳለበት ይመላለሳል። ይህን አጥንቶ ግማሽ ቀን በደረቱ የሚሳብ ሰው ልምድ ባይኖረውም 150 ሜትር ውስጥ የመግባት ዕድል አለው። ካልተሳካለት ሳይተኩስ ይመለስ።

ስለ ሥጋው የሚነገረው ስም ማጥፋትም ከዚሁ ከተኩስ ርቀት ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው። ሥጋው ይሸታል የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት አበላሽተውት ነው። ወቅቱ ገና ሞቃት ነው፣ ወፍራሙ ጸጉር ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፤ ሆዱ የተመታና ለሰዓታት ሲፈለግ የዋለ እንስሳ ሥጋ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በቅርብ ተመትቶ እዚያው የወደቀ እንስሳ ወዲያው ሆድ ዕቃው ይወጣል፣ ቆዳው ይገፈፋል፣ ከመጨረሻው ከተማ በተገዛ በረዶ ይቀዘቅዛል። የሚበላን ሥጋ አባክኖ መሄድን የግዛቱ ሕግም ይከለክላል።

እንግዲህ መካሪዎች ለጀማሪው የሚነግሩት ሌላ ይሁን። በፈቃድ ዕጣው ጊዜ የቀንድ ትልቅነትን ትቶ ሰፊና የተያያዘ የሕዝብ መሬት ያለበትን ቀጠና ይምረጥ፤ መግቢያ አስቸጋሪ የሆነባቸውን ቀጠናዎች ግዛቱ ራሱ ለይቶ ያመለክታል። ለትልቅ መነጽር የመደበውን ገንዘብ ለጥይት ያውለውና እስከ አደኑ ወቅት ድረስ ተኝቶም፣ ተንበርክኮም፣ ነፋስ ባለበት ቀን የሳህን ስፋት ያላት ኢላማ ላይ ይለማመድ። አሥር ተኩሶ አሥሩንም የሚያሳርፍበት ርቀት 120 ሜትር ከሆነ፣ መስከረም ላይ ከ120 ሜትር በላይ ያለ እንስሳ ለእርሱ የሚተኮስበት አይደለም።