በሬ ሆይ! ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ኦርጋኒክ ጥጥ የሚባለው ሌላ ተአምር አይደለም። ያለ ፋብሪካ መርዝና ማዳበሪያ፣ ከልውጠ ሕያው ዘር ርቆ የበቀለ ጥጥ ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ነጋዴ ከተራው ጥጥ አስበልጦ ይገዛዋል። የሚከፍለው ግን ለንጣቱ አይደለም፤ ለእምነቱ ነው። እምነቱ ከጠፋ ያው ተራ ጥጥ ነው፤ አለቀ!

እኛ ከዚህ ገበያ ሩቅ አልነበርንም። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ፓን ኢትዮጵያ ከተባለው ድርጅት ጋር ሆነው መርዙን ጣሉ። በምትኩ ጓይ ትልን የሚበሉ ነፍሳትን የሚስብ ምግብ ማሳቸው ላይ እየረጩ ጥጥ አመረቱ። ከመካከላቸው የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት የያዙም ወጡ። ደግ!

መንግሥትስ ምን ሠራ? በ2001 ዓ.ም. ያወጣውን ጥብቅ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ በ2007 ዓ.ም. አላላው። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ከሕንድ የመጡ ሁለት የቢቲ ጥጥ ዝርያዎች እንዲዘሩ ፈቀደ። ለመሆኑ የአርባ ምንጩን ገበሬ የጠየቀው አለ?

«ፋብሪካው ጥጥ ተራበ፣ ትሉም አስቸገረ» ይሉን ይሆናል። ረሃቡ እውነት ነው፤ እኔም አልክድም። ግን ይህ ዲቃላ ዘር ነው። ገበሬው ከማሳው ለቅሞ መልሶ ቢዘራው አያዋጣውም፤ በየዓመቱ ሻጩ ደጃፍ መቆም አለበት። ቡርኪና ፋሶን እንይ! በ2009 እ.ኤ.አ. ቢቲ ጥጥን በሰፊው ዘራች። የጥጧ ክር አጠረ፣ በገበያ የነበራት ስም ወረደ፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ድሮ ዘሯ ተመለሰች። ሰው ከጎረቤቱ ጉዳት አይማርም እንዴ?

ወረቀት ብቻ ያድነናል የሚልም አይሞኝ። ጎትስ የተባለው ዓለም አቀፍ የኦርጋኒክ ጨርቅ መስፈርት አውጪ ድርጅት 20 ሺህ ቶን የሕንድ ጥጥ በሐሰተኛ ምስክር ወረቀት «ኦርጋኒክ» መባሉን በ2020 እ.ኤ.አ. አጋልጧል። ከዚያ ወዲህ ገዢው ወረቀት ብቻ አይቶ የሚያምን ይመስላችኋል?

እኔ የምለው አጭር ነው። የቢቲ ዘር ለማን እንደተሸጠና የት እንደተዘራ ለሕዝብ ይነገር! ኦርጋኒክ የሚመረትባቸው ወረዳዎች በሕግ ይከለሉ! የሁለቱ ጥጥ በአንድ መዳመጫ እንዳይቀላቀል ተቆጣጣሪ ይቁም! ምስክር ወረቀቱም በነጋዴ ሳይሆን በገበሬው ማኅበር እጅ ይሁን፤ ትርፉ ላብ ላፈሰሰው ይድረስ!

የዶላር ያለህ የሚል አገር በእጁ ያለውን ገበያ በገዛ እጁ አያበላሽም። እምነት እንደ ፈትል ነው፤ ተበጥሶ ቢቀጠልም ቋጠሮው ይታያል።