መከላከልና ማከም፤ የትኛው ይቅደም?

ከጥቂት ወራት በፊት በሌሊት ተረኝነት ላይ ሳለሁ አንድ የ46 ዓመት የጭነት መኪና ሹፌር በቤተሰቦቹ ተደግፎ ወደ ድንገተኛ ክፍል ገባ። ቀኝ እጁና እግሩ አይታዘዙለትም፤ ንግግሩም ተሳስሯል። የደም ግፊቱ ሲለካ 220 በ130 ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱ ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ «ዶክተር፣ እሱ እኮ ታሞ አያውቅም!»

እውነቷን ነው። ታሞ ስለማያውቅ ተለክቶም አያውቅም ነበር። በሕይወት ተርፏል፤ ወደ መሪው ግን አልተመለሰም።

ውድ አንባብያን፣ የአገራችን የጤና ሥርዓት ከሁሉ አስቀድሞ በሽታን በመከላከል ላይ ያተኩር የሚለው መርሕ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከወጣው የጤና ፖሊሲ ጀምሮ የቆየ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህንኑ መርሕ ወደየቀበሌው አወረደው። ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ክትባት፣ ስለ መፀዳጃ ቤት፣ ስለ አጎበርና ስለ ቤተሰብ ዕቅድ አስተማሩ። ውጤቱም ታይቷል። በ1992 ዓ.ም በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1 ሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም ይህ ቁጥር ወደ 67 ወርዷል። ለዚህ ለውጥ ሌሎች ምክንያቶችም ቢኖሩ የመከላከሉ ሥራ ድርሻ ግን ትልቅ ነው።

ዛሬ ግን በሽታው መልኩን እየለወጠ ነው። በ2007 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ጥናት ከ100 አዋቂዎች 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። የደም ግፊት እንደ ወባ አያንቀጠቅጥም፤ እንደ ተቅማጥም አያዳክምም። ድምፁን አጥፍቶ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል። ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም ሕመምተኛው በሳምንት እስከ ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ለአራት ሰዓት ያህል እጥበት ያስፈልገዋል። ለዚህ ቤት የሸጡ፣ ከብት የሸጡ ቤተሰቦችን አውቃለሁ። ግፊቱ አስቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ግን ለብዙዎቹ በቀን አንድ ወይም ሁለት ክኒን ይበቃቸው ነበር።

ታዲያ ገንዘቡ ሁሉ ወደ መከላከል ይሂድ ማለት ነው? አይደለም። የትርፍ አንጀት ሕመምን ወይም የመኪና አደጋ ጉዳትን በምክር አናድንም። ደግሞም መከላከልና ሕክምና ተደጋጋፊዎች ናቸው። «ጤና ተቋም ሄደሽ ውለጂ» የተባለች እናት ሄዳ ደምም ሆነ ቀዶ ሕክምና ካጣች፣ ጎረቤቶቿ በሚቀጥለው ጊዜ ምክሩን አይሰሙም። «ተለካ» የተባለ ገበሬ ተለክቶ መድኃኒቱ «የለም» ከተባለ ዳግመኛ አይመጣም። ሕክምናው ሲጎድል መከላከሉም ታማኝነቱን ያጣል።

ችግሩ ሕክምና የሚታይ፣ መከላከል ደግሞ የማይታይ መሆኑ ነው። አዲስ ሕንፃና አዲስ የምርመራ መሣሪያ ይመረቃሉ። ስትሮክ ሳይዘው የቀረ ሰው ግን አይመረቅም፤ ማንነቱንም ማንም አያውቅም። ስለዚህ በጀት ሲያጥር ቀድሞ የሚቀነሰው ይኸው የማይታየው ሥራ ይሆናል።

በእኔ እይታ ሚዛኑ የሚጠበቀው ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ፣ ማለትም በጤና ጣቢያ ነው። ለጉንፋንም ይምጣ ለቁስል፣ ማንኛውም አዋቂ ግፊቱ ሳይለካ መመለስ የለበትም። የግፊትና የስኳር መድኃኒት ለአንድ ወር ተገኝቶ ለሁለት ወር መጥፋት የለበትም። ክትትል የጀመረ ሰው ሲቀርም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ልክ ክትባት የቀረበትን ሕፃን እንደምትፈልገው ልትፈልገው ይገባል። ይህ መከላከል ነው ወይስ ሕክምና? ሁለቱንም ነው።

የእኛም ድርሻ አለ። ዕድሜያችሁ ከ30 በላይ ከሆነ ምንም ሳያማችሁ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ተለኩ። ከመለካታችሁ በፊት ለአምስት ደቂቃ ዐረፍ በሉ፤ በዚያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቡና አትጠጡ። በተለያየ ቀን ተለክታችሁ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያማክሩበት። ለአንድ ሰው በቀን የሚበቃው ጨው ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ከገባበት ወጡ ላይ ስትጨምሩ ይህን አስቡ። መድኃኒት የጀመራችሁም «ተሽሎኛል» ብላችሁ አታቁሙ፤ የተሻላችሁ መድኃኒቱን ስለምትወስዱ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባልነታችሁንም በጤናችሁ ጊዜ አድሱ።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ቅጠሉ ግን በእጅ መገኘት አለበት፤ እሱን ማቅረብ የጤና ሥርዓቱ፣ ሳይረፍድ መምጣት ደግሞ የእኛ ኃላፊነት ነው። ያ ሹፌር ዛሬ ለክትትል ሲመጣ የ19 ዓመት ልጁን ይዞ ይመጣል። ባለፈው ጊዜ ልጁ ሳይጠየቅ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋልኝ።