በበረዶ ወለል ላይ በኅብረት ስለ መንሸራተት

ዕድሜው ከፍ ያለ፥ ባለ ትዳርና ባለ ልጅ የሆነ ሰው ሁሉ ጨዋታን ለልጆች ትቶ መቀመጥ ይገባዋል የሚል አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ ጸንቶ ይኖራል። እኛ ግን ዛሬ፥ በአሜሪካና በሰሜን አውሮፓ አገሮች አባቶችና እናቶች ከሥራቸው በኋላ ስለሚማሩት ስለ አንድ የኅብረት ጨዋታ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለማስረዳት እንወዳለን። ይኸውም ከሥሩ የብረት ስለት ያለበትን ጫማ ተጫምቶ፥ ብዙ ሰው እንደ አንድ ሰው ሆኖ በረጋ ውሃ ላይ መንሸራተት ነው።

በእነዚያ አገሮች በብርዱ ወራት ወንዙና ሐይቁ ይረጋል፤ ዛሬ ግን ጨዋታው የሚደረገው በአዳራሽ ውስጥ በመኪና ኃይል ውሃውን አርግተው በሚያዘጋጁት ወለል ላይ ነው። የትልቁ ወለል ርዝመት 60 ሜትር፥ ወርዱም 30 ሜትር ይሆናል። የጫማው ብረት እጅግ ቀጭን ሲሆን መካከሉ እንደ ቦይ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ስለዚህ በግራና በቀኝ ሁለት ስለት አለው። ሰውዬው ሰውነቱን ወደ አንዱ ስለት ባዘነበለ ጊዜ መንገዱ ይታጠፋል። በፊት በኩል ደግሞ እንደ መጋዝ ያለ ጥርስ አለው፤ ይህን ጥርስ የረሳ ጀማሪ በግንባሩ ይደፋል።

የኅብረቱ ጨዋታ የተጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. በሚሺጋን ግዛት አን አርበር በምትባለው ከተማ ነው። ዶክተር ሪቻርድ ፖርተር የተባሉት ሰው ሆኬትስ የሚባለውን ቡድን አቋቋሙ፤ ቡድኑም የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሆኪ ተጫዋቾች ዕረፍት በሚያደርጉበት ጊዜ ተመልካቹን ደስ ያሰኝ ነበር። እንዲህ የሰው ዕረፍት መሙያ ሆኖ የተጀመረው ነገር፥ በ2000 ዓ.ም. በሚኒያፖሊስ የዓለም ሻምፒዮና ለማድረግ በቃ፤ ያን ጊዜ ያሸነፈው ሱርፕራይዝ የተባለው የስዊድን ቡድን ነው። በዚህ ከፍተኛ ማዕረግ አንዱ ቡድን 16 ሰው ይዞ ይሰለፋል። ይሁን እንጂ እስከ 2026 ዓ.ም. ድረስ በተደረጉት የኦሊምፒክ ጨዋታዎች ውስጥ አልገባም፤ ይህም ለተጫዋቾቹ የቆየ ቅሬታ ነው።

ለትልልቅ ሰዎች የተለየ ውድድር አለ። በአሜሪካ ትልልቆቹ ከወጣቶቹ ተለይተው በየማዕረጋቸው ይወዳደራሉ፤ በጀርመን አገር በኦበርስትዶርፍ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በሚደረገው የትልልቆች ውድድርም ገና 28 ዓመት ያልሞላው ሰው እንዳይገባ ተወስኗል። ወጣትነት ለመከልከያ ምክንያት ሆኖ ያየነው እዚህ ላይ ነው ብንል አናጋንንም።

የጨዋታው ሥራ እንዲህ ነው። ተጫዋቾቹ እጅ ለእጅ ወይም ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ቀጥ ያለ ረድፍ፥ ክብ፥ አራት ማዕዘን፥ መንኰራኵርም ይሠራሉ። ከእነዚህ ሁሉ ለአሳብ የሚመቸው መንኰራኵሩ ነው። ከመካከል ያለው ሰው በትንሽ እርምጃ በስፍራው ሲዞር፥ በዳር ያለው ግን በዚያው ጊዜ እጅግ ሰፊውን ክብ በፍጥነት መሮጥ አለበት። ረድፉ ቀጥ ብሎ እንዲታይ የውስጠኛው መታገሥ፥ የውጭኛውም መትጋት ይገባዋል። የውስጠኛው ቢቸኩል የዳሩን ሰው እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወረውረዋል።

የሚያስፈራው ግን መተላለፉ ነው። ሁለት ረድፍ ፊት ለፊት እየገሠገሠ ይመጣና አንዱ በሌላው መካከል ባለው ክፍተት ያልፋል፤ ይህንንም እየዞሩ፥ በጀርባም የሚያደርጉ አሉ። በዚህ ጊዜ ፈርቶ የቆመ ሰው ከደፋሩ ይልቅ ያስፈራል፤ ምክንያቱም ወዳጁ የሚያልፈው ያ ሰው በደረሰበት ሳይሆን ሊደርስበት በሚገባው ስፍራ ነውና። አንድ ሰው ቢወድቅ ከመላው ቡድን ነጥብ ይቀነሳል፤ ከዚያም በላይ በአርባና በአምሳ ዓመት የእጅ አንጓ መሰበር እንደ ልጅነት ቶሎ የሚድን አይደለም። ስለዚህ አስተማሪዎቹ ለትልልቆች ከሁሉ አስቀድመው የሚያስተምሩት አወዳደቅን ነው፦ ጉልበትን አጥፎ፥ እጅን ሳይዘረጉ፥ በጎን በኩል መውረድ።

በእንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ደካማው ምን ይሁን የሚል ጥያቄ ይነሣል። ለማሸነፍ የሚሹት ይቅር ይላሉ፤ ሌሎቹም ከሁለት ብርቱዎች መካከል ይግባ ይላሉ። እኛ የሁለተኞቹን አሳብ እንመርጣለን፤ ክፍያውን ከፍሎ፥ ልጆቹን አስተኝቶ በሌሊት የሚመጣ ሰው በዳር ተቀምጦ ይመልከት ማለት ጭካኔ ነውና። በሌሊት ያልነውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀኑን ወለሉን ብዙ ጊዜ ሕፃናትና የሆኪ ተጫዋቾች ስለሚይዙት ለትልልቆቹ የሚደርሳቸው ማለዳ ወይም ውድቅት ይሆናል። በቢሮው ሲያዝዝ የዋለውም ሰው በዚያ ሰዓት የልብስ ሰፊዋን እጅ ይዞ፥ ዙር ስትለው ይዞራል።

የመጀመሪያው የዓለም ውድድር በተደረገበት በሚኒሶታ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከእነርሱ መካከል ልጆቹን ወደ በረዶው ወለል እየወሰደ እርሱ ከአጥሩ ውጭ ካፖርቱን ለብሶ የሚጠብቅ ወላጅ ቢኖር፥ ጫማው በኪራይ እንደሚገኝ እናመለክተዋለን። ጫማውን በሚለካበት ጊዜ ወፍራም ካልሲ አይልበስ፤ ቍርጭምጭሚቱን ጠበቅ አድርጎ ይሰር፤ ለመጀመሪያው ቀንም የእጅ ጓንት አይርሳ።