ጦሩን አሁን ማን ያዘዋል?

ነሐሴ 15 ቀን 2004 ዓ.ም. ጠዋት ይጁቤ ነበርኩ። ፍልሰታ ሊፈታ አንድ ቀን ቀርቶታል፤ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ግቢውን አጨቅይቶታል። አጎቴ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ሥር ይዘው የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊን ሞት ሰሙ። «ነፍስ ይማር» አሉ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጥቂት ቆዩና፣ «አንተ ልጅ፣ ጦሩን አሁን ማን ያዘዋል?» አሉኝ። ድሮ ምድር ጦር ያገለገሉ ሰው ናቸው። መልስ አጣሁላቸው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 74 ጠቅላይ ሚኒስትሩን የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ያደርጋል። አንቀጽ 75 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖርበት ጊዜ ምክትሉ ተክቶት ይሠራል ይላል። አለመኖር ምንድን ነው? ለስብሰባ ውጭ አገር መሄድ ወይስ አልጋ ላይ መዋል? ሕመሙን የሚያረጋግጠውስ ማን ነው? እዚህ ላይ ሕጉ ዝም ይላል። መለስ በሐምሌ የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ሲሰበሰቡ አልታዩም፤ ለእኛ የሚነገረን ግን ደኅና ናቸው፣ ይመለሳሉ የሚል ነበር።

እንዲህ ያለው ዝምታ ምን እንደሚያመጣ ከዚህ ቀደም አይተናል። አጤ ምኒልክ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ አንደበታቸው ከተያዘ በኋላ አራት ዓመት በአልጋ ኖረዋል። ትእዛዝ በስማቸው ይወጣል፤ የማን ቃል እንደሆነ ግን ሹማምንቱ ይጠራጠራሉ። በዚያው ዓመት መጋቢት እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ሲወገዱ ከመኳንንቱ ምክር ጀርባ የቤተ መንግሥቱ ጦር የመሐል ሰፋሪው ጠመንጃ ነበር። ወዲያው አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱ በእቴጌይቱ ፈቃድ ያገባትን ትቶ የጎጃሙን ገዥ የራስ ኃይሉን ልጅ ሰብለ ወንጌልን አገባ። የቤተ መንግሥቱ ሕመም እኛ ጎጃም ድረስ በሠርግ መጣ ማለት ነው።

በ1903 የልጅ ኢያሱ እንደራሴ ራስ ተሰማ ናደው ሞቱ። ራስ አባተ ቧያለው ቤተ መንግሥቱንና የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱን ለመያዝ ተነሡ፤ የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ቆሙባቸው። አቡነ ማቴዎስ መሐል ገብተው ባያስታርቁ አዲስ አበባ ላይ ደም ይፈስ ነበር። ያን ቀን ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ በሕይወት ነበሩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ሲያርፉም ሞታቸው ተደበቀ።

በ2004 ደም አልፈሰሰም፤ ይህን ማሳነስ አልፈልግም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የመለስ ምክትል ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ቃለ መሐላ የፈጸሙት መስከረም 11 ቀን 2005 ነው። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ለበርካታ መኮንኖች የጄኔራልነት ማዕረግ ሰጥተዋል። አንቀጽ 71 ፕሬዚዳንቱ ከፍተኛ የውትድርና ማዕረግ የሚሰጠው በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ነው ይላል። በዚያ ሳምንት ቃለ መሐላ የፈጸመ ጠቅላይ ሚኒስትር አልነበረንም።

የመሪን ሕመም የሚመረምር የሐኪሞች ቦርድ፣ ውጤቱን የሚቀበል ምክር ቤት፣ ምክትሉ ጦሩን የሚረከብበት ቀን በሕግ ይጻፍልን። መሪው ጤነኛ ሳለ ይጻፍ፤ ከታመመ በኋላ ብዕሩን የሚይዘው ጠመንጃ ያለው ነው። አጎቴ ዛሬም ስንገናኝ ያንኑ ጥያቄ ያነሡብኛል።